አርፍዶ የተነሣው ገበሬ

መምህር ከበበው ስምንተኛ «ለ»ን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። በስድስቱ ዓመት ያልናቀው ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ዳይሬክተሩን አቶ ማሞን ይንቃቸዋል፤ ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበሩና። ባልደረቦቹን ይንቃል፤ በእረፍት ሰዓት ስለ ቀበሌ ሱቅ ስኳር እንጂ ስለ መጽሐፍ ሲያወሩ ሰምቶ አያውቅም። እሱ ራሱ መጽሐፍ ከገለጠ ስንት ጊዜው እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም። በማታው ክፍለ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሴሚስተር ተምሮ አቋርጧል፤ እነሱኑ ሁለት ሴሚስተር ይዞ እንደ ዶክተር ይራመዳል።

ከሁሉም አብልጦ የሚንቀው ግን ተማሪዎቹን ነው። ትምህርት ቤቱ ከጎፋ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ግማሾቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ከላፍቶና ከለቡ ማሳ ለማሳ እያቋረጡ የሚመጡ የገበሬ ልጆች። እነዚህኞቹን «የኔ ምሁራን» ይላቸዋል። አንዱ ሲያነብ ከተደናቀፈ፣ «ቀስ በል፣ ሞፈር አይደለም የያዝከው» ይለዋል። ክፍሉ ይስቃል። የተሳቀበትም ልጅ አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር መጡ። ወይዘሮ ውብነሽ ይባላሉ። አጭር፣ ቁጥብ፣ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ሴት ናቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው አዳመጡና ሲያበቃ ከበበውን ወደ ውጭ ጠሩት።

«ልጆቹ ታሪኩን መልሰው ይነግሩናል፤ ስለ ታሪኩ ምን እንደሚያስቡ ግን አይጽፉም» አሉት። «ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ አጭር ልብ ወለድ ይምረጡና ትንታኔ ያስጽፏቸው። ባለታሪኩ ምን ዓይነት ሰው ነው? ከምን አወቃችሁ? በቃ፣ ይኸው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቼ ወረቀቶቹን ራሴ አነባለሁ።»

ከበበው ሳቅ አለ። «ለነዚህ ነው ትንታኔ? ስማቸውን ሳይሳሳቱ ከጻፉ እኔ ለትምህርት ቤቱ ዳቦ አስጋግራለሁ።»

ወይዘሮ ውብነሽ አልሳቁም። «ታዲያ እርስዎ እዚህ ምን እየሠሩ ነው?» ብለውት ሄዱ።

ከበበው ይህችን አነጋገር ሦስት ቀን ሲያላምጣት ሰነበተ። በአራተኛው ቀን የሚያስተነትነውን ታሪክ መረጠ። መረጠ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ በየዓመቱ የሚያስተምራትን ያችኑ ሁለት ገጽ ነው ያነሣው። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ ክፉ ዘመን መጥቶበት በሬውን ሊሸጥ ወደ ገበያ ይነዳል። ገበያው ሊበተን ሲል ይደርሳል። አንድ የቀረ ገዢ ዋጋ ይጠይቀዋል፤ ገበሬው የማይታሰብ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢው ስቆበት ይሄዳል። ሲመሽ ገበሬው በሬውን ይዞ ይመለሳል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች፤ አንድ ቃል ሳትናገርም ትገባለች። በዚህ ያልቃል።

ከበበው ይህን ታሪክ ያነበበው በመጀመሪያው ዓመት አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያነበው የራሱን ማስታወሻ ደብተር ነው። ደብተሩን ገልጦ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በሚያምር የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ገለበጠው። ገበሬው ሰነፍ ነው። አርፍዶ ተነሣ፤ ስለዚህ አርፍዶ ደረሰ። በዚያ ላይ ስግብግብ ነው። ስንፍና የምርት ፀር ነው። ጸሐፊው ሰዓት ማክበርንና ተግቶ መሥራትን ያስተምረናል። የምርቷን ዓረፍተ ነገር ያገኛት ቀበሌው አጥር ላይ ከተሰቀለው መፈክር ነው፤ ለዳይሬክተሩም ለአለቆቹም ደስ እንደምትል ያውቃል።

«እንግዲህ ይህን በራሳችሁ አባባል ትጽፉታላችሁ» አለ ጠመኔውን ከጣቱ እያራገፈ። «ሐሳቡን ግን እንዳትነኩ።»

በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ሞልቱ በንቲ ትባላለች። የለቡ ገበሬ ልጅ ናት፤ ረዘም ያለች፣ ካልተጠየቀች የማትናገር። ደብተሮቿን በሙሉ በጋዜጣ ሸፍናቸዋለች።

«ቲቸር፣ አርፍዶ ተነሣ የሚለው የት ጋ ነው?»

«ገበያ ሲበተን የደረሰ ሰው መቼ የተነሣ ይመስልሻል?» አለ ከበበው። «ቁጭ በይ፣ የኔ ምሁር።»

ክፍሉ ሳቀ። ሞልቱ አልሳቀችም፤ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ከሰዓት ከበበው ወረቀቶቹን ይዞ ጎፋ አንድ ሻይ ቤት ገባ፤ ጥግ ይዞ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። ሥራው ቀላል ነበር። ገበሬው ሰነፍ ነው፣ አርፍዶ ተነሣ፤ አሥራ አራት። ገበሬው ሰነፍ ነው፣ ተነሣ አርፍዶ፤ አሥራ ሁለት። አንዱ እንዲያውም «መምህር ከበበው እንዳሉት ገበሬው ሰነፍ ነው» ብሎ ጀምሯል፤ ለሱ አሥራ አምስት ሰጠው። እንዲህ እያለ ሃምሳ ስምንቱን ከጨረሰ በኋላ ሃምሳ ዘጠነኛዋ ላይ ደረሰ።

የሞልቱ ናት። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነው። ያለፈውንና የአሁኑን ጊዜ ቀላቅላዋለች፤ «ገበያ» የሚለውን ቃል ባንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ጽፋዋለች። ስሕተቱን ሁሉ ተሻግሮ ለሚያነብ ግን የምትለው ይህን ነበር፦

«ገበሬው ሰነፍ ሰው አይደለም። የመጀመሪያው መስመር ዶሮ ሳይጮህ ተነሣ፣ ጨለማ ውስጥ ከበሬው አጠገብ ተቀመጠ ይላል። አጭር መንገድ ነበር፤ እሱ በወንዙ በኩል ዞረ። በሬው እንዲግጥ ሦስት ጊዜ ቆመ። ሰው በጠየቀው ጊዜ ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ጠራ። ስለዚህ መሸጥ አልፈለገም። ጸሐፊው አልፈለገም ብሎ አልጻፈም። እኛ እንድናየው ትቶታል። ሚስቱ ግን አይታዋለች፤ ለዚህ ነው ዝም ያለችው።»

ከበበው መጀመሪያ ሳቀ። ሁለተኛ አነበባትና ሳቁ ቀረ። ሦስተኛ ሲያነባት ተናደደ። የሚያናድደው ምኑ እንደሆነ ራሱም አላወቀውም። ይህን የመሰለ ነገር ከዚያች ልጅ ጭንቅላት ሊወጣ አይችልም፤ ይኼ ከሆነ መጽሐፍ የተገለበጠ መሆን አለበት አለ። ከየት መጽሐፍ? ለቡ ማን መጽሐፍ አለው? እሱን አላሰበውም። የመማሪያ መጽሐፉን ገልጦ የመጀመሪያውን መስመር ማየትም ይችል ነበር፤ ከቦርሳው ማውጣቱ ታከተው። በወረቀቷ ራስ ላይ በትልቁ «ናንሰንስ! የተገለበጠ!» ብሎ ጻፈ፤ ከሃያ ዜሮ ሰጣትና ሻዩን አስደገመ።

ሰኞ ከባንዲራ ሰልፍ በኋላ ወረቀቶቹን መለሰ። የሞልቱን ግን በእጁ አስቀረው። እያንዳንዱን ስሕተት እየጎተተ፣ ድምፁን እያቀጠነ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ።

«ተነሺ። ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ቲቸር።»

«ሐሳቡንስ?»

«ካባቴ ጋር ተነጋግረንበታል።»

«አሃ! አባትሽ የት ነው የሚያስተምሩት?»

«አያስተምርም። ገበሬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት አልተቻለም፤ ከበበውም አልሞከረም። ሳቁ እስኪበርድ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። «ነገ እኚህን ተንታኝ አባትሽን ይዘሽልኝ ካልመጣሽ እዚህ ክፍል አትገቢም» አላት።

ሞልቱ ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ በሩ ሄደች።

«ነገ አልኩ እኮ! ወዴት ነው?»

«አባቴ አጨዳ ላይ ነው፣ ቲቸር። ዛሬ ካልነገርኩት ነገ አይመጣም» ብላ ወጣች። ጥርጊያ መንገዱን ይዛ ወደ ለቡ ስትሄድ ከበበው በመስኮት አያት። እንደ ተባረረች አትመስልም፤ ጉዳይ እንዳለው ሰው ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው። ይህም አበሳጨው።

በማግስቱ አቶ በንቲ መጡ። የመምህራኑ ክፍል በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ከመወጣጫው ጋር እያጋጩ አራገፉ። የደረቡት አሮጌ ካፖርት ላይ የጤፍ አገዳ ተሰክቷል። ሞልቱ ከኋላቸው ቆማለች። በክፍሉ ውስጥ አምስት ያህል መምህራን ሻይ ይጠጣሉ፤ አቶ ማሞም የስብሰባ ደብዳቤ እያነበቡ ተቀምጠዋል። ከበበው ለተመልካች የሚሆን ሰው በመኖሩ ደስ አለው። ወንበር አልሰጣቸውም።

«አባባ፣ እንግሊዝኛ ይችላሉ?»

«አልችልም፣ መምህር።»

«ልጅዎ ግን ይህን የእንግሊዝኛ ታሪክ እርስዎ እንደተነተኑላት ነው የምትለው።»

«ምን አደረግሁት?» አሉ አቶ በንቲ፤ ቃሉ አልገባቸውም።

መምህራኑ ፈገግ ፈገግ አሉ። ሞልቱ ከኋላ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረች። አቶ በንቲ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ ነው፣ መምህር። ልጄ የምትማረውን ማታ ማታ ታነብልኛለች። መጀመሪያ በእንግሊዝኛው ነው። ምንም አይገባኝም፤ ግን መስማቱ ደስ ይለኛል። ከዚያ በቋንቋችን ትነግረኛለች። የዚህን ሰውዬ ስትነግረኝ፣ ሰነፍ ነው ተብለናል አለችኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። ስንት ሰዓት ተነሣ? አልኳት። መጽሐፉን አየችና ዶሮ ሳይጮህ አለች። እንግዲያው ስንፍና አይደለም፣ ሌላ ነገር አለበት፣ ፈልጊው አልኳት። የቀረውን ፈልጋ ያገኘችው ራሷ ናት።»

«አባባ፣ ይኼ እኮ የተጻፈ ታሪክ ነው» አለ ከበበው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቃሉን እየቆራረጠ። «የጎረቤትዎ ወሬ አይደለም።»

«ይገባኛል። ግን የጻፈው ሰው በሬ ሊሸጥ ነድቶ መልሶ ያውቃል። ካላወቀ እንደዚያ አይጽፍም።»

ከበበው ወደ መምህራኑ ዞሮ በዓይኑ ጠቀሳቸው። የሂሳቡ መምህር ግን አልሳቀም። አቶ ማሞ ደብዳቤያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ከመደርደሪያው የስምንተኛ ክፍሉን መጽሐፍ አወረዱ። ታሪኩን ፈልገው አገኙና ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። የስፖርት አስተማሪ እንግሊዝኛ ስለሆነ ጊዜ ወሰደ።

«ከበበው፣ እዚህ ላይ ዶሮ ሳይጮህ ነው የሚለው» አሉ በመጨረሻ።

«የት?»

«እዚሁ። መጀመሪያው መስመር ላይ።»

ከበበው ቀረብ ብሎ አየ። እውነትም አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። እሱ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም።

«እሱማ...» አለ። «የዶሮው ጩኸት ተምሳሌታዊ ነው።»

አቶ በንቲ ግራ ገባቸው። «ዶሮው እኮ አልጮኸም፣ መምህር» አሉ።

የሂሳቡ መምህር ሻይ ትን አለውና ወደ ውጭ ሮጠ። አቶ ማሞ መጽሐፉን ዘግተው፣ «ልጅቷ ክፍሏ ትግባ» አሉ። ከአቶ በንቲ ጋር ተጨባብጠው ሥራ ስላስፈቷቸው ይቅርታ ጠየቁና እስከ በሩ ሸኟቸው። ከበበው ያችን መጨባበጥ ከመጽሐፉ መስመር ይልቅ ጠላት። ዜሮውን አልነካውም። የሞልቱን ወረቀት ወስዶ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባት።

ሐሙስ ወይዘሮ ውብነሽ መጡ። ከበበው ሃምሳ ስምንቱን ወረቀት በክር አስሮ ሰጣቸውና አንዷ ቀርታ ነበር አላቸው። እሳቸው ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ተኩል ሲያነቡ ቆዩ። ከዚያ አስጠሩት። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ መማሪያ መጽሐፉም ተገልጦ አጠገባቸው ነው።

«መምህር ከበበው፣ ይህ ገበሬ ሃምሳ ስምንት ጊዜ አርፍዶ ተነሥቷል» አሉ። «ገጹን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። የቱ ጋ ነው ያረፈደው?»

«ተገለባብጠው ነው የሚሆነው። ነግሬዎት ነበር እኮ፤ የነዚህ ልጆች ነገር...»

«እርስ በርስ ነው የተገለባበጡት ወይስ ከሰሌዳው?» አንዱን ወረቀት አንሥተው ወደሱ አዞሩት። «መምህር ከበበው እንዳሉት» የሚለው አናቱ ላይ ነበር። አጠገቡም በቀይ አሥራ አምስት ተጽፏል።

ከበበው ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

ጥግ ላይ የተቀመጡት አቶ ማሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሃምሳ ዘጠነኛዋስ? ሞልቱ እኮ አልቀረችም።»

መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቷን ይዞ እስኪመለስ ድረስ የሚሆን ምክንያት ሲፈልግ ነበር፤ ለናሙና ለይቼ ያስቀመጥኳት ናት ለማለት ቆረጠ። እንደ ቆረጠውም አለ። ወይዘሮ ውብነሽ ግን ቀዩን ጽሕፈት አስቀድመው አይተውታል። ድምፃቸውን ሳይለውጡ «ናንሰንስ» ብለው አነበቡት። ከዚያ የልጅቷን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች፣ እንደገናም ከላይ እስከ ታች አነበቡ። በእርሳስ ሁለቱን «ገበያ» አስተካከሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዜሮውን የሰጧት ታሪኩን አንብበው ነው ሳያነቡ?»

ከበበው ሁለቱንም መልሶች በልቡ መዘናቸው፤ ሁለቱም የሚያዋርዱ ነበሩ።

«ካላነበቡ ስንፍና ነው፤ እሱ ይታረማል» አሉ ሴትየዋ ቦርሳቸውን እያነገቱ። «አንብበው ከሆነ ግን ምን እንደምልዎት አላውቅም። ለክፍሉ እንዳልገለበጠች ይንገሩ። መጽሐፉን ከልጆቹ ጋር ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ያንብቡና እንደገና ያስጽፏቸው። እመለሳለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ከበበው ስምንተኛ «ለ» ገባ። ፊቱን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረ፣ ቀን እየጻፈ፣ በተቻለው ፍጥነት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ። ከመካከሉ «ሞልቱ» እና «ኮፒ» የሚሉት ብቻ ተሰሙ። «ኦፕን ዩር ቡክስ» ብሎ ዞረ።

ሞልቱ ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ቲቸር፣ ሲሰድቡኝ በአማርኛ ነበር» አለች።

ማንም አልሳቀም። ከበበው ወደ ኋላው ረድፍ አየ፤ ሁልጊዜ ቀድመው የሚስቁለት ልጆች መጽሐፋቸውን ያያሉ። በሩን አየ፤ አቶ ማሞ በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳሉ። ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ።

«ሞልቱ አልገለበጠችም» አለ በአማርኛ። ልጅቷ አሁንም እንደቆመች ነው። «የራሷ ሥራ ነው። ገበሬውም... አርፍዶ አልተነሣም።»

«ታዲያ ያረፈደው ማን ነው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ያኔ ክፍሉ ሳቀ። ከበበው በዚህ ክፍል ውስጥ ይህን ሳቅ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ ወደሱ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ነበር። ቶሎ የሚመልሳት ቀልድ ፈለገ፤ ሁሉም ስለ ሞፈርና ስለ ቀንበር ሆኑበት። ሞልቱ ተቀመጠች። መጽሐፋቸውን ገልጠው ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመሩ። አምስተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ እማዋይሽ የምትባል የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ እጇን አወጣችና፣ ገበሬው ያን ሁሉ ዋጋ ሲጠራ ገዢው እሺ ቢለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ብላ ጠየቀች። ከበበው መልሱን አያውቀውም ነበር። «ይኼ ከጥያቄው ውጭ ነው» አላት። ሞልቱ ግን ዞራ «እኔም እሱን ነው የማስበው» አለቻት፤ ሁለቱ እስከ ደወሉ ድረስ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ዝም አላሰኛቸውም።

ሁለተኛው ጽሑፍ ተጻፈ። ወይዘሮ ውብነሽም ተመልሰው አነበቡት። ብዙዎቹ ደካማ ነበሩ፤ ሁለት ወረቀት አንድ ዓይነት ግን አልተገኘም። ከበበው ለሞልቱ ከሃያ አሥራ ሦስት ሰጣት፤ ሰባቱን በፊደል ግድፈት ቀነሰ። ልጅቷ ውጤቱን አይታ ወረቀቷን አጠፈችና ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ሰኔ ላይ የሚኒስትሪን ፈተና አልፋ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ በከፍተኛው አስተዳደር አዳራሽ ለእንግሊዝኛ መምህራን የአንድ ቀን ሴሚናር ተዘጋጀ። ስለ ሥነ ጽሑፍ ትንታኔ አጭር ገለጻ የሚያደርግ ፈቃደኛ ሲጠየቅ ከበበው እጁን አወጣ። ክራቫት አስሮ ወጣ። የገበሬውንና የበሬውን ታሪክ ተረከ፤ ብዙ መምህር ገበሬው ሰነፍ ነው እያለ እንደሚያስተምር በሐዘኔታ ተናገረ። «ግን ጓዶች፣ ሰውየው የተነሣው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ቆም አለ፤ መስመሩን አነበበ። ወንዙን፣ ሦስቱን መቆም፣ ዋጋውን፣ የሚስቲቱን ዝምታ አንድ በአንድ አስከተለ። ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከፊት የተቀመጠች ሣራ የምትባል አዲስ ምሩቅ መምህርት ተነሥታ፣ «ይህን እንዴት ሊያስተውሉት ቻሉ?» ብላ በአድናቆት ጠየቀችው።

«ደጋግሞ ማንበብ ነው፣ እህቴ» አለ ከበበው። «ሌላ ምስጢር የለውም።»

ከተጋባዥ ዳይሬክተሮች ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት አቶ ማሞ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተነሡ፤ የሰዉን እግር እየረገጡ ከአዳራሹ ወጡ።